«ታዲያ ሮቶዬን ምን ላድርገው?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በነፍሳት ጥናት ሠርቼ አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ወደ ከተማችን ስለገባችው አዲሷ የወባ ትንኝ ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ብዬ አንድ ጽሑፍ በአማርኛ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። አክስቴ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችልኝና «ጎበዝ ልጄ፣ ደስ ይላል» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን «ታዲያ ሮቶዬን ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ቦታ ጽፌዋለሁ እኮ! ከዚያ በጣም አቅልዬ እንደገና ጻፍኩት። እሱን ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ «ሳይንሱን አረከስሽው» አለኝ። አሁን መሃል ቤት ቀርቻለሁ። ለአክስቴ ስጽፍ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል፤ ለባልደረቦቼ ስጽፍ አክስቴ አይገባትም። ጋዜጠኝነት መማር አለብኝ? ወይስ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም? ሁለቱንም ጽሑፎች ልኬልዎታለሁ።

መሃል ቤት የቀረችው፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ ሁለቱንም ጽሑፎች ከአናት እስከ ግርጌ አነበብኳቸው። እውቀቱ አለሽ። ልፋትሽም ይታያል። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ «ይህ ሥራ የእኔ አይደለም ይሆን» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተይው። የጎደለሽ ነገር ሌላ ነው፤ እሱም በልምምድ የሚመጣ ነው።

አክስትሽ ትልቅ ውለታ ውለውልሻል። የጠየቁሽን ጥያቄ ልብ ብለሽ እይው። ያ ጥያቄ ጽሑፍሽን ከማንበባቸው በፊትም ነበራቸው። ሮቶው ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሮቶ ቤት አይቆምም። «ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ትንኝ ገብታለች» የሚል ነገር ሲሰሙ ሐሳባቸው ወዲያው ወደ ሮቶው ሄደ። አንቺ ግን ይዘሻቸው እስያ ሄድሽ። የትንኟን የሳይንስ ስም ነገርሻቸው። ከየት እንደመጣች ነገርሻቸው። ክንፏ ላይ ስላሉት ነጠብጣቦች ሳይቀር ነገርሻቸው። ሁሉንም ክፍል ውስጥ በተማርሽው ቅደም ተከተል ደረደርሽላቸው። ስለ ሮቶው በእርግጥ ሦስት ቦታ አለ። አክስትሽ ግን እዚያ ሲደርሱ ደክመዋል።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረን አጻጻፍ መግቢያ፣ ዳራ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግሩም ነው። ፈታኙ ሥራው ስለሆነ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። አክስትሽን ግን የሚያስገድዳቸው የለም። ወጥ ጥደው ነው የሚያነቡሽ። ወጡ ሲገነፍል ተነስተው ይሄዳሉ፤ ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ።

እስቲ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርሽን አብረን እንየው።

«አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተሰኘው ወራሪ የወባ አስተላላፊ ዝርያ በሰው ሠራሽ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የመራባት ባህርይ ያለው ሲሆን፣ ከዚህም የተነሳ በከተሞች የወባ ሥርጭት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ሊያሳድር እንደሚችል የተለያዩ ጥናቶች ያመለክታሉ።»

አንባቢው ገና በሩ ላይ የማያውቀው ስም ተቀበለው። ከዚያ ዋናውን ግስ ፍለጋ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ተጓዘ። እዚያ ሲደርስ ያገኘው «ያመለክታሉ» የሚለውን ነው። የሚያመለክቱት ደግሞ ጥናቶች ናቸው። ትንኟ ራሷ ምንም አልሠራችም! አልበረረችም፣ እንቁላል አልጣለችም፣ ሰው አልነከሰችም። «ባህርይ ያለው ሲሆን»፣ «ከዚህም የተነሳ»፣ «ተጽዕኖ ሊያሳድር» የሚሉት የቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ ናቸው። «ሰው ሠራሽ የውሃ ማጠራቀሚያ» ያልሽው ደግሞ ሮቶና በርሜል ነው። ሮቶ በይው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምረው ነበር።

«ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ኩሬውና ረግረጉ ሲሞላ የሚመጣ። አሁን ግን ሌላ የወባ ትንኝ መጥታለች። ይህችኛዋ ከተማ ይስማማታል። ዝናብ አትጠብቅም። ግቢያችን ባለው ሮቶና በርሜል ውሃ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ክዳኑ ክፍተት ካለው ሰተት ብላ ትገባለች። ስለዚህ የሮቶዎ ክዳን ገጥሞ መዘጋቱን ይዩ። በርሜሉን ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ደፍተው፣ ውስጡን ፈግፍገው ይጠቡት። ለምን በሳምንት? ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ እስክትበር፣ ሙቀት ባለበት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። በየሳምንቱ ካጠቡት ሳትበር ታልቃለች።»

ስሟ የለም። እስያም የለችም። እነሱን አላጠፋኋቸውም፤ አንባቢው «ከየት መጣች?» ብሎ ራሱ እስኪጠይቅ ድረስ አቆየኋቸው። ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ይጠይቃል። ያኔ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ እንደሆነች፣ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ ከዚያ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር እንደተገኘች ትነግሪዋለሽ። በጉጉት ያነበዋል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የራሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። «ለምን በሳምንት?» የሚለው ጥያቄ ሳይንሱ ያለበት ቦታ ነው። «በርሜልዎን በየሳምንቱ ይጠቡ» ብለሽ ብታቆሚ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው ፖስተር በምን ትለያለሽ? ምክንያቱን ስትጨምሪበት ሰውየው አንቺ ያላሰብሽውን ሁኔታ ራሱ ይወጣዋል። የአክስትሽ ሮቶ ሁለት ሺህ ሊትር ቢሆንና ብረት ማማ ላይ ቢቆምስ? በየሳምንቱ ሊደፋ አይችልም። ትንኟ የምትፈልገው መግቢያ ቀዳዳና የቆመ ውሃ መሆኑን ካወቁ ግን ዞር ዞር ብለው ያዩታል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ አፉ ክፍት መሆኑን ያገኛሉ። ስስ ወንፊት ያስሩበታል። ይህን አንቺ አልጻፍሽም፤ ምክንያቱን ስለነገርሻቸው ብቻ ደረሱበት። ለሕዝብ የሚጻፍ ሳይንስ ልፋቱ የሚክሰው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉ በላይ ወደምቆረቆርለት ነገር ልሂድ። ጽሑፍሽ ምን እንደታወቀ ይናገራል። እንዴት እንደታወቀ ግን አይናገርም። ይህ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ በሚጻፉ የጤናና የሳይንስ ጽሑፎች ሁሉ የማየው ጉድለት ነው። «ጥናቶች ያመለክታሉ» ይባላል፣ ያልቃል። የትኛው ጥናት? የት? በሰው ላይ ነው በአይጥ ላይ? አንባቢው ማመን ወይም አለማመን ብቻ ነው የቀረው። አላምንም ካለ ደግሞ ምን ብለሽ ትመልሽለታለሽ?

አንድ የድሬዳዋ ሰው «ወባ ድሮም ነበር፤ አዲሷ ትንኝ ናት ያመጣችው ማን አለ?» ቢልሽ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም እዚያው ከተማችሁ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በድንገት ሲያሻቅብ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሰዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ቤት ለቤት ሄደው ያጣሩት ይህንኑ ነበር። ወባ የተገኘባቸውን ሕሙማን ያዙ። ትኩሳት ይዟቸው ለሕክምና መጥተው ወባ ያልተገኘባቸውንም ያዙ። ከዚያ የሁለቱንም ቤተሰብና ጎረቤት መረመሩ። በቤቶቹ ዙሪያም ትንኝ ፈለጉ። የወባ ሕሙማኑ ቤት አካባቢ ሌሎችም ወባ ያለባቸው ሰዎች ተገኙ። አዲሷ ትንኝም እነዚያው ቤቶች አጠገብ ነበረች። ትንኞቹ ሲመረመሩ ደግሞ የወባው ተውሳክ ውስጣቸው ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል።

እስቲ ይህን እንደ ታሪክ አንብቢው። የወንጀል ምርመራ ይመስላል። ተጠርጣሪ አለ፣ ቦታው ላይ መገኘቱ አለ፣ እጁ ላይ የተያዘ ማስረጃ አለ። የሌላኛው ወገን ቤትም ተፈትሿል። ያ ሁለተኛ ወገን ለምን አስፈለገ? አዲሷ ትንኝ ከተማው ሁሉ ውስጥ እኩል ካለች፣ ሕመምተኛው ቤት መገኘቷ ምንም አይነግረንም። ይህን አንድ ነገር የተረዳ አንባቢ ነገ «ይህን ሻይ የጠጡ ሁሉ ድነዋል» የሚል ወሬ ሲሰማ «ያልጠጡትስ?» ብሎ ይጠይቃል። አስቢው፤ ስለ ትንኝ ጽፈሽ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ የሚያገለግል ጥያቄ ሰጠሽው ማለት ነው።

ከእኛው አገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከፈለግሽ የዶክተር አክሊሉ ለማን የእንዶድ ምርምር ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ዓድዋ ሄደው ነበር። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ከሰው ወደ ሰው ለመሻገር ውሃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ዑደቱ ይቋረጣል። ወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ወትሮው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብለው ሲያዩ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። አንዷን ሴት የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታደርግላቸው ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪው የብዙ ዓመት ሥራ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

ይህን ታሪክ ለተማሪ ስትነግሪው «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» የሚለውን ሐቅ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ዓይን፣ ጥርጣሬ፣ ሙከራ በተራ ሲመጡ ያያል። ደግሞም የሚገርመኝ ነገር፣ እውቀቱ ወንዙ ዳር ነበር። ሴቶቹ ስለ እንዶድ ያውቃሉ፣ አክሊሉ ስለ ቀንድ አውጣ ያውቃሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ ነገሩ አይታይም ነበር። አክስትሽም እንደዚያው ናቸው። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የሮቶው ክዳን መቼ እንደሚከፈት፣ ጎረቤት በርሜሉን ለምን እንደማይከድን ያውቃሉ። ከመጻፍሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂያቸው። የማታውቂውን ይነግሩሻል።

ወደ ቁጥር እንለፍ። የጅቡቲውን ጠቅሰሻል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገበው ወባ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። በጣም የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው፣ አንቺም ስለሚያስደነግጥ ነው ያስገባሽው። ግን ብቻውን ጥለሽው ሄድሽ። ጅቡቲ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ስለዚህ 73 ሺህ ማለት ለእያንዳንዱ መቶ ሰው ሰባት ገደማ የወባ ምዝገባ ማለት ነው። አሁን አንባቢው ቁጥሩን ይጨብጠዋል፤ ሰፈሩን ቆጥሮ ያየዋል። ምዝገባ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አንድ ሰው በዓመት ሁለቴ ቢታመም ሁለቴ ይመዘገባል። «ከመቶ ሰው ሰባቱ ታመመ» ብለሽ ከጻፍሽ አንድ እርምጃ ስተሻል። ጭማሪው በሙሉ የዚህች ትንኝ ሥራ ነው ማለትም አትችይም። ምርመራ በስንት ቦታ ይደረግ እንደነበርና ሰው ከየት ወዴት ይንቀሳቀስ እንደነበርም ቁጥሩን ይነካዋል። «ትንኟ ከገባች በኋላ» እና «ትንኟ ስለገባች» የሚሉትን ለይተሽ ጻፊ። በመሃላቸው ትልቅ ገደል አለ።

በሁለተኛው ጽሑፍሽ ውስጥ ያለችው ምሳሌ ግን አላስተኛችኝም። «ተውሳኩ ትንኟን እንደ ታክሲ ይሳፈርባታል» ብለሻል። ደስ ትላለች፣ አፍ ላይ ትቀራለች። ችግሩ ታክሲ የተሳፈረ ሰው እንደተሳፈረ ነው የሚወርደው። ተውሳኩ ግን ትንኟ ውስጥ ይለወጣል፣ ይራባል። ለዚህም አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ትናንት ሕመምተኛ የነከሰች ትንኝ ዛሬ ማታ ወባ አትሰጥም። ብዙዎቹ ትንኞች ያን ያህል ቀን ሳይኖሩ ይሞታሉ። ኬሚካል የተነከረው አጎበር ሠፈርን ሁሉ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ የትንኟን ዕድሜ ያሳጥራል። ያቺ የታክሲ ምሳሌ ይህን ሁሉ ሸፈነችው። ምሳሌ ስታመጪ የት ላይ እንደሚሰበር መጀመሪያ ራስሽ ፈልጊ። የሚሰበርበት ቦታ ዋናው ነጥብሽ ላይ ከሆነ ጣይው፣ ምንም ያህል ቢያምር። አንዳንዴ ነገሩን እንዳለ መናገር ከየትኛውም ምሳሌ ይበልጣል።

ባልደረባሽን በተመለከተ። ከሁለት ነገር አንዱ ላይ ልክ ነው፣ አንዱ ላይ አይደለም። የላቲኑን ስም ማውጣትሽን «ማርከስ» ካለው አልስማማም። የቀረ ነገር ሁሉ የተበላሸ ነገር አይደለም። አንቺ የተውሳኩን አራት ወይም አምስት ዓይነት ስላልዘረዘርሽ ማንም አይጎዳም። ግን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ «ሮቶዎን ከከደኑ ወባ አይዝዎትም» የሚል አለ። እዚህ ላይ ባልደረባሽ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ጎረቤት በርሜሉን አልከደነ ይሆናል። ድሮም የነበረችው የወባ ትንኝ አልሄደችም። እሷ አሁንም ዝናብ ባቆረው ውሃ ትራባለች። ያን ዓረፍተ ነገር አምኖ አጎበሩን ያጠፈ ሰው ቢታመም ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። «ሮቶዎን መክደን ትንኟ የምትራባበትን አንድ ቦታ ይዘጋባታል፤ አጎበሩ ግን አይቅር፣ ትኩሳት ከተሰማዎትም ቶሎ ይመርመሩ» ብትይ ምን ያህል ረዘመ? ብዙም አልረዘመ። እውነት ሆነ ግን።

እንግዲህ መለኪያሽ ይህ ይሁን። ዓረፍተ ነገሩን አምኖ ነገ ጠዋት የሚተገብር ሰው ምን ይደርስበታል? ምንም የማይደርስበት ከሆነ ዝርዝሩን ተይው። የሚጎዳ ከሆነ አንድ መስመር ጨምሪ። ለባልደረባሽም ጽሑፉን ስትሰጪው «እንዴት ነው?» አትበይው። «ስህተት የሆነ ነገር ካለ ብቻ አስምርልኝ» በይው። እንዲህ ካልሽው ስለ ሐቁ ይነግርሻል። «እንዴት ነው» ካልሽው ግን ለጆርናል እንደሚጽፍ አድርጎ ያርምልሻል፤ ተመልሰሽ እስያ ትገቢያለሽ።

ጽሑፉን በሰው ላይ ስትሞክሪ ደግሞ ይሉኝታን አትርሺ። አክስትሽ «ጎበዝ ልጄ» ያሉት ስለሚወዱሽ ነው። «ገባሽ?» ብትያቸው «አዎ፣ ገብቶኛል» ነው መልሱ። እኛ ዘንድ የለፋ ልጅ ፊት «አልገባኝም» አይባልም። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠይቂ። «ለጎረቤትሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» በያቸው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ ሲሳሳቱ አፍሽ ይበላሻል። አታርሚያቸው። የዘለሉትን፣ ያዛቡትን፣ በራሳቸው ቃል ያሻሻሉትን ጻፊ። የዘለሉት ቦታ ጽሑፉ የረዘመበት ነው። ያዛቡት ቦታ አንቺ ያላብራራሽው ነው። በራሳቸው ቃል ያሻሻሉትን ደግሞ እንዳለ ወስደሽ ተጠቀሚበት።

«ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል» ወይም «ቅጠል አለ፣ እሱን እንጠጣለን» የሚሉሽም ይመጣሉ። አትሳቂባቸው። የዛሬው ዋና የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን የተገኘው ከተክል ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የባህል ሕክምና መጻሕፍት ተነስተው ነው ያገኙት፤ እ.ኤ.አ. በ2015ም የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ስለዚህ «ቅጠል ምን ያደርጋል» የሚል መልስ ውሸት ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ኪኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ተለክቷል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም ተጣምሯል። ሻዩ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። ያነሰ ከሆነ ተውሳኩን ሳይጨርስ ያስለምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይመክረው ለዚህ ነው። እንዲህ ስትመልሺ ሰውየውም አይዋረድም፣ ሳይንሱም አይዋሽም።

ገና ያልታወቀ ነገር ሲኖር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ በግልጽ ጻፊው። አሁን ጽሑፍሽ ውስጥ «ሊሆን እንደሚችል ይገመታል» የሚለው በየአንቀጹ ተበትኗል። ስለዚህ የትኛው የተረጋገጠ፣ የትኛው የሚጠረጠር እንደሆነ አይለይም። «ይህን እናውቃለን» ያልሽውን በእርግጠኝነት ጻፊ። «ይህን ገና አናውቅም» የምትይውንም ለብቻው፣ ለምን እንደማይታወቅ ጨምረሽ ጻፊ። አንባቢ ሲነገረው ይረዳል። እርግጠኛ መስለሽ ጽፈሽ በኋላ ከተገለበጠ ግን አንቺን ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውንም አያምንም።

ጋዜጠኝነት ልማር ወይ ላልሽው፣ አሁን አያስፈልግሽም። አጭር ሥልጠና ካገኘሽ ግቢ፣ አይጎዳም። ሙያው ግን የሚመጣው በመጻፍና ለሰው በማንበብ ነው። ዋናውን ጥናት ራሱን አንብቢ፤ ስለ ጥናቱ የተጻፈውን ዜና ብቻ ይዘሽ አትጻፊ። ያልገባሽ ነገር ካለ ለተመራማሪዎቹ ኢሜይል ላኪላቸው። ብዙዎቹ የሠሩትን የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፣ በተለይ የራሳቸው አገር ሰው በአማርኛ ሊጽፈው ሲነሳ። አንቺ ደግሞ ብዙ ጋዜጠኛ የሌለው ነገር አለሽ። የትንኟን እጭ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን ትል መሰል ነገር፣ በዓይንሽ አይተሽዋል። ውሃ ላይ እንዴት እንደሚተኛ፣ ዕቃው ሲነካ እንዴት እንደሚሸሽ ታውቂያለሽ። ያ በጽሑፍሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም! አስገቢው። አክስትሽ በርሜላቸውን ከፍተው ሲያዩ ምን መፈለግ እንዳለባቸው የሚያውቁት በእሱ ነው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ሦስቱን ገጽ ወደ አንድ አውርጂው። በአክስትሽ ጥያቄ ጀምሪ፣ የ2022ቱን ምርመራ መሃል ላይ በደንብ ተርኪው፣ የታክሲዋን ምሳሌ አውጪ፣ የሮቶውን ዓረፍተ ነገር አስተካክይ። ሲያልቅ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።

ቀጣዩን ጽሑፍሽን ደግሞ ስለ ዴንጊ ትኩሳት አድርጊው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወረርሽኝ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አስተላላፊዋም ያንኑ በርሜል የምትጋራ ሌላ ትንኝ ናት። ይህችኛዋ ግን ቀን ነው የምትነክሰው። ሰው ደግሞ «አጎበር እያለኝ እንዴት ታመምኩ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ከዚያ ጥያቄ ጀምሪ።